የማይነሱ አውሮፕላኖች

ፉልዳ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1996

ይድረስ ለልጄ ለሃይድሩን፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሆድሽስ እንዴት ነው? መግፋት ጀመረ? ቶርኬል ባሕር ላይ ነው ወይስ ቤት? ባልሽን ከእኔ ይልቅ ዓሦቹ ያውቁታል እያልኩ የምቀልደውን እንዳትነግሪው፤ ደግ ሰው ነው። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ስትደውዪ "እሺ፣ እሺ" እያልኩ የምዘጋው የምትይውን ሰምቼ እንዳይመስልሽ። የሚሰማኝ የንብ ድምፅ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሞተር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሌላ ምን ይሰማል? ስለዚህ በደብዳቤ እንቀጥል፤ በወረቀት ላይ እንኳ ደንቆሮ አይደለሁም።

"ትመጣለህ ወይ?" ላልሽኝ መልሱ "አላውቅም" ነው። ከፈለግሽ ተቆጪ። ለፋሲካ ስትወልጂ አጠገብሽ መሆን እፈልጋለሁ። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ኖሮ እስካሁን ሻንጣዋን ዘግታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔን የያዘኝ በመካከላችን ያለው ባሕር ነው፤ ሐዲድ የለበትማ። ከዴንማርክ ወደ አይስላንድ የሚሄድ መርከብ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስኪ አጣሪልኝ።

እጄን አጣጥፌ ተቀምጬአለሁ ብለሽ ግን እንዳታስቢ። ከታች ፎቅ ያለችው ወይዘሮ ፎክት፣ ያቺ በየዓመቱ ወደ ማዮርካ እየበረረች ፀሐይ የምትሞቀው ሴትዮ፣ አንድ ዘዴ አመጣችልኝ። ደረጃው ላይ አስቁማኝ፣ "አቶ ክሬስ፣ የሚበሩትን ከፈሩ ከማይበሩት ይጀምሩ። አገሩ ሁሉ በአውሮፕላን ሙዚየም የተሞላ ነው፤ እርስዎ ደግሞ የባቡር ጡረተኛ ነዎት፣ ባቡሩ ያደርስዎታል" አለችኝ። አልፎ ተርፎም አብሬዎት እሄዳለሁ አለች። እምቢ ለማለት አፌን ስከፍት ኮቷን ለብሳ መጣች።

ዛሬ የመጀመሪያውን አየን። እዚሁ ቅርባችን፣ ዋሰርኩፔ ተራራ ላይ፣ አንቺን በበረዶ መንሸራተቻ እየጎተትኩ ከምወስድሽ ቦታ አጠገብ። ምን ልበልሽ፣ ምርጫው መጥፎ ነበር። እዚያ ያሉት ሞተር የሌላቸው ተንሸራታች አውሮፕላኖች ናቸው። እንጨት፣ ጨርቅና ሙጫ። አንደኛውን በጣቴ መታ መታ ባደርገው እንደ ባዶ ቁም ሣጥን አስተጋባ። በዚህ ነገር ሰው ከተራራ ራሱን ወረወረ ብለው ሲነግሩኝ ወይዘሮ ፎክትን "ቤቴ መልሱኝ" አልኳት። እሷ ሳቀች።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልዘጋም። ወይዘሮ ፎክት እንደምትለው አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ሰዉ ሁሉ ያጨበጭባል። ለፓይለቱ! እውነት ነው? እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ባቡር እየነዳሁ ሰው ጭኜ ቩርትስቡርግ ስገባ አንድ ሰው እንኳ አጨብጭቦልኝ አያውቅም። ዘግይተህ ገባህ የሚለኝ ግን አላጣሁም። በሰላም መድረስን እንደ ተአምር የሚቆጥሩበትን ነገር እንዴት ልመነው?

አባትሽ ኦትማር

* * *

ሃፍናርፍዮርዱር፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1996

ውድ አባዬ፣

ዘግይቼ ስለጻፍኩ አትቆጣኝ። እኔም ሆዴም ደህና ነን። መግፋቱን ጀምሯል፤ የጫማዬን ክር ካላጎነበስኩ አላየውም፣ ካጎነበስኩ ደግሞ መነሣት አልችልም።

መርከቡን አጣራሁ። አለ። ግን የሚሄደው በበጋ ብቻ ነው፣ በክረምት ቆሞ ይታጠባል። ከመርከቡ ብትወርድም ገና አገር አቋርጠህ ነው እኔ ጋ የምትደርሰው። እኔ ደግሞ እስከ በጋ ልጄን ሆዴ ውስጥ ላቆይልህ አልችልም። ስለዚህ የመርከቡን ነገር እርሳው፣ ደግመህም አትጠይቀኝ።

ማጨብጨቡ እውነት ነው፤ ግን የአገራችን ሰዎች ናቸው እንጂ እዚህ ማንም አያጨበጭብም። የአይስላንድ ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ኮፍያውን አድርጎ ይወርዳል፣ አለቀ። እኔ የመጀመሪያ ቀን አጨብጭቤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እስከ ዛሬ ቶርኬል ያሾፍብኛል።

ባለፈው በስልክ ስለ ሰርጌ ጠይቀኸኛል። አባዬ፣ አሁንም ያንን ታስባለህ? ሳትመጣ ቀርተህ ወገቤን አመመኝ ያልከውን ማንም አላመነም፣ ማንም ደግሞ አልተቀየመም። ወንበርህን ባዶ አድርገን አስቀመጥነው። የቶርኬል እናት ስታይኑን ኮቷን ጣል አደረገችበት፤ "ሰው የለበትም አትበሉ፣ ተይዟል" አለች። እኔ ግን ባዶ ወንበር ሁለት ጊዜ አልፈልግም። ይህን የምልህ ላሳዝንህ ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ፎክትን ሳምልኝ። አንተን ከቤት ማስወጣት የቻለች ሴት ከእናቴ በኋላ እሷ ብቻ ናት።

ሃይድሩንህ

* * *

ፉልዳ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1996

ይድረስ ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል፤ ስለ ወንበሩ የጻፍሽው ቦታ ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ተቀመጥኩ። አልረሳውም።

"መብረቅ ቢመታውስ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው በባቡር ላይ መብረቅ አልወረደበትም ወይ?" ብለሽ በፖስት ካርድሽ ላሾፍሽብኝ እነሆ መልስ ይዤ መጣሁ። ሙኒክ ሄድን፤ ወንዙ መሀል ደሴት ላይ ያለው ትልቁ ሙዚየም። ባቡር የሚጎትቱ አሮጌ ሎኮሞቲቮች አሉ፣ እነሱን አይቼ መመለስ እችል ነበር፣ ወይዘሮ ፎክት ግን ክንዴን ይዛ ወደ ኤሌክትሪኩ አዳራሽ ወሰደችኝ። አንድ ሰውዬ የብረት ድቡልቡል ውስጥ ገብቶ ተዘጋበት። ከዚያ መብረቅ ለቀቁበት። እውነተኛ መብረቅ፣ ድምፁን እኔ እንኳ ሰማሁት! ልጆች ጆሮአቸውን ያዙ። ሲያበቃ ሰውዬው ወጥቶ ሸሚዙን ወደ ሱሪው አስገባ፣ ምንም አልሆነም። እኔ ተራ ጠብቄ ሄጄ "ሚስትዎ ይህን ሥራዎን ያውቃሉ?" አልኩት። ሳቀና አስረዳኝ፤ መብረቁ በብረቱ ላይ ብቻ ይሄዳል፣ ወደ ውስጥ አይገባም፣ አውሮፕላንም እንዲሁ ነው፣ ሲመታው ተሳፋሪው ቡናውን ይጠጣል አለኝ።

ስለዚህ ከፍርሃቶቼ አንዱን ሙኒክ ጥዬው መጣሁ። ሌላ ግን ይዤ ተመለስኩ፤ ፎቅ ላይ ውስጡ እንዲታይ ለሁለት የተቆረጠ አውሮፕላን አለ፣ ወንበሩም ግድግዳውም ይታያል። በሰውና በሰማይ መካከል ያለው ብረት ከወጥ ቤታችን መጥበሻ ይሳሳል። ይህንን ባላይ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ወይዘሮ ፎክት ኤርለንሮዳ እንሂድ ትላለች፤ ድሮ አገሩን ለሁለት የከፈለው አጥር የነበረበትን አልፈሽ ያለች መንደር ናት። እሳት አደጋው ጀርባ ሜዳ ላይ አንድ የድሮ የመንገደኞች አውሮፕላን ቆሟል፣ የመንደሩ ማኅበር ነው የሚጠብቀው። እሑድ እሑድ ገብተው ይቀመጡበታል አሉ። መቀመጥ ብቻ ከሆነ እኔም እችላለሁ።

ስለራስሽ ትንሽ ጨምረሽ ጻፊ። "ደህና ነን" የሚለውን ለፖስተኛው ንገሪው።

አባትሽ

* * *

ሃፍናርፍዮርዱር፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 1997

ውድ አባዬ፣

ለገና የላክኸው ዝንጅብል ዳቦ ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። ሳልጽፍልህ ስለቆየሁ ይቅርታ። ትንሽ ደክሞኛል፣ ሌላ ምንም የለም።

ስለ ፋሲካ ብዙ አሰብኩበት። ባትቸኩል ይሻላል። በዚያ ወቅት እዚህ ነፋሱ ክፉ ነው፣ አውሮፕላኖቹም ይዘገያሉ። በበጋ በመርከብ ብትመጣ ምን ይለዋል? ልጁም ያን ጊዜ ደርሶ ይጠብቅሃል፣ ፈገግ ማለትም ይችላል። ስለዚህ እነዚያን ሙዚየሞች ለደስታህ ብቻ እያቸው።

ቶርኬል እስከ ማርች ባሕር ላይ ነው። ሰላም ብሎሃል።

ሃይድሩን

* * *

ፉልዳ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1997

ይድረስ ለልጄ ለሃይድሩን፣

በመጀመሪያ የእኔን ጉድ ልንገርሽና ከዚያ ወደ አንቺ እመጣለሁ። ኤርለንሮዳ ሄጄ ነበር። ከገና በፊት ነው፣ እስካሁን የደበቅኩሽ አፍሬ ነው።

አውሮፕላኑ እውነትም ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል። የማኅበሩ ሰዎች ሁሉም በእኔ ዕድሜ ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ "ይበራሉ"። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አቶ የሽኬ የሚባሉ የድሮ ካፒቴን የድሮ መለዮአቸውን ለብሰው ከፊት ይቀመጣሉ። የድሮዋ አስተናጋጅ ደግሞ ከረሜላ ታድላለች፣ ቀበቶ አስራ ታሳያለች፣ ከዚያ በሩን ትዘጋለች። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ "ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ ቫርና ጉዟችንን ጀምረናል" ይላሉ። የመንደሩ ሰው ድሮ ለዕረፍት የሚሄድበት የባሕር ዳርቻ እዚያ ነበርና አሮጊቶቹ ከወዲሁ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ምንም አይንቀሳቀስም፣ ሞተሩ እንኳ አይነሳም፤ ጥቂት ቆይተው ካፒቴኑ "ደርሰናል" ሲሉ ሁሉም ያጨበጭባል፣ ወርዶ ኬክ ይበላል።

እኔ በሩ ሲዘጋ ተነሣሁ። እግሬ ወለሉ ላይ አንድ ነገር ፈልጎ አጣ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ "ክፈቱልኝ" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት፣ ሰዉ ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ከፈቱልኝ። ከማይነሳ አውሮፕላን በፍርሃት የወረደ የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ወይዘሮ ፎክት ቫርና ደርሳ ስትመለስ እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። በባቡር ስንመለስ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

ደብዳቤሽ "በበጋ ና" ሲለኝ ታዲያ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እፎይ አልኩ። አንድ ቀን ሙሉ እፎይ ብዬ ዋልኩ። በማግሥቱ ደግሜ ሳነበው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት።

ሃይድሩን፣ ይህ ደብዳቤሽ በእርሳስ የተጻፈ ነው። አንቺ በእርሳስ ጽፈሽልኝ አታውቂም። መስመሩም ወደ ላይ ይወጣል። እናትሽ አንቺን ስትጠብቅ ሆስፒታል አስተኝተዋት በእርሳስ ነበር የምትጽፍልኝ። በጀርባ ተኝቶ ወደ ላይ ሲጻፍ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ኋላ ይሸሻል። ያን ጊዜ እሷም "ትንሽ ደክሞኛል፣ ሌላ ምንም የለም" ብላኝ ነበር።

ስንት ጊዜ ሆነሽ ከተኛሽ? እውነቱን ጻፊልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።

አባትሽ

* * *

ሃፍናርፍዮርዱር፣ ጃንዋሪ 26 ቀን 1997

አባዬ፣

ያዝከኝ። እናቴ በእርሳስ እንደጻፈችልህ አላውቅም ነበር፤ ባውቅ ኖሮ ተነሥቼ በእስክሪብቶ እጽፍልህ ነበር።

ከገና በፊት ጀምሮ ነው። ልጁ ያለጊዜው ለመምጣት ቸኩሏል፣ ስለዚህ ሐኪሟ ካልጋ እንዳልነሣ አዘዘችኝ። ስትመረምረኝ ፊቷን አያለሁ፤ አትዋሸኝም፣ ግን "አብረን እንጠብቅ" ነው የምትለው። ስታይኑን በየጠዋቱ የዓሣ ሾርባ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሹራቧን ትሠራለች። ቃል ከአፏ አይወጣም። ደግ ናት። ግን ቤቱ ጸጥ ይላል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ልጁ ዝም ሲል ነው። ሲረግጠኝ ደህና ነው፣ አለ ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ያቆማል። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ደግሞ እስኪረግጥ ድረስ መተንፈስ ያቅተኛል። ለማን እንደምናገረው አላውቅም፤ ቶርኬል ሬዲዮ ላይ ነው የሚያገኘኝ፣ መርከበኛው ሁሉ ይሰማል።

ና እንዳልልህ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። በማይነሳ አውሮፕላን ውስጥ እንኳ ያለብህን ሥቃይ ነግረኸኛል። አሁን ግን እላለሁ። ና፣ አባዬ። ምንም እንድታደርግልኝ አይደለም። ወንበሩ ላይ እንድትቀመጥ ብቻ ነው።

ሃይድሩን

* * *

ፉልዳ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ይድረስ ለልጄ፣

እመጣለሁ። ትኬቱን ወይዘሮ ፎክት ገዝታልኛለች፤ ማርች 6 ቀን ከፍራንክፈርት። ይህንን በመጀመሪያ የጻፍኩት ቀጥሎ ያለውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ነው።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ባቡር ይዤ ኤርለንሮዳ ሄድኩ። ብቻዬን፣ እሑድም አልነበረም። አቶ የሽኬ መሰላል ላይ ወጥተው መስኮት ሲወለውሉ አገኘኋቸው። አወቁኝ፤ እንዴት አያውቁኝ! የመጣሁበትን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ልጄ ተኝታለች፣ መድረስ አለብኝ፣ ችግሬ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም አልኳቸው። መወልወያቸውን አስቀምጠው ይዘውኝ ወደ ፊት፣ ወደ ራሳቸው ክፍል ገቡ። እሳቸው በግራ፣ እኔ በቀኝ ተቀመጥን።

እግሬን አዩ። "ምንድነው የሚረግጡት?" አሉኝ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ቀኝ እግሬ ወለሉን ይጫናል፣ ለቀቅ ያደርጋል፣ መልሶ ይጫናል።

የባቡሩን ፔዳል ነገርኳቸው። ለአንቺም ልንገርሽ፣ ልጅ ሆነሽ ሎኮሞቲቩ ላይ ሳወጣሽ አሳይቼሽ ነበር፣ ረስተሽው ይሆናል። ነጂው ከእግሩ ሥር ፔዳል አለ። ረግጦ ይይዘዋል፣ በየጊዜው ለአፍታ ለቆ መልሶ ይረግጠዋል። ለባቡሩ "አለሁ፣ አልሞትኩም፣ አልተኛሁም" ማለቱ ነው። ከረሳ መብራት ይበራበታል። አሁንም ካልረገጠ ጡሩምባ ይጮኽበታል። ከዚያም ዝም ካለ ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስረግጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ እናትሽ አልጋ ውስጥ እንኳ ትረግጠኛለህ እያለች ትጮህብኝ ነበር። በዚያ እሑድ በሩ ሲዘጋ እግሬ የፈለገው እሱን ነው። ፔዳል የለም፤ እኔ ካልረገጥኩ ማን ነው "አለሁ" የሚለው?

አቶ የሽኬን ይህንኑ ጠየቅኋቸው፤ ነጂው እንቅልፍ ቢወስደው በምን ይታወቃል አልኳቸው።

"ሁለት ነን" አሉኝ። "አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ቃሉን ደግሞ ይመልስለታል። ከተነሣን ጊዜ ጀምሮ እስክናርፍ እንዲሁ ነው። መልስ ከጠፋ ሌላው ይረከባል። የእኛ ፔዳል መልሱ ነው።"

"የእኔ እግርስ?"

"እግርዎ ሥራ መፍታት ስላልለመደ ነው ያስቸገረዎት፣ አቶ ክሬስ። እስከ አይስላንድ ድረስ ይርገጡ። ወለሉ አይጎዳም፣ ፓይለቶቹም አይቀየሙም።"

ከዚያ ያንን የንግግር ልውውጣቸውን ከእኔ ጋር ሠሩት። እሳቸው ይሉኛል፣ እኔ እደግማለሁ፤ በደንብ እንድሰማም ጮክ ይሉልኛል። በሩን ራሴ ሄጄ ዘጋሁት። ቫርና ድረስ በረርን ልጄ፣ ስንደርስም ሁለታችን ብቻ አጨበጨብን። ስወጣም ወጣሁ እንጂ አልሸሸሁም።

አሁን ያንቺን ልንገርሽ። ሆድሽ ውስጥ ያለው ነጂ ነው። ሲረግጥ "አለሁ" ማለቱ ነው። ዝም ሲል መብራቱ በራ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም ማለት አይደለም። ደህና ነጂም መብራቱ እስኪበራ ይቆያል፤ እኔ ራሴ የእናትሽን ሳንድዊች ይዤ ስንት ጊዜ አብርቼዋለሁ። ጡሩምባው ደግሞ ሐኪምሽ ናት። ቆየብኝ ካልሽ ደውዪላት፣ አትፍሪ፣ ማፈርም የለብሽም። በመካከሉ ግን ተንፍሺ።

አባትሽ ኦትማር

* * *

ሃፍናርፍዮርዱር፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1997

ውድ አባዬ፣

ገና በእርሳስ ነኝ። ደብዳቤህን ለስታይኑን ተረጎምኩላት። ስለ ፔዳሉ ስደርስ ሹራቧን አስቀመጠች፣ ሳቀችም። ስትስቅ ያየኋት ገና አሁን ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትገባ "ነጂው ነቅቷል?" ነው የምትለኝ፤ ሰላምታውን ትታዋለች።

አንድ ቀን ጡሩምባው ጮኸ። ቆየብኝ፣ ደወልኩላት፣ ሐኪሟ መጣች፣ ማዳመጫዋን ከማሳረፏ ልጁ በእግሩ መታት። ሰው ጠርቶ ማፈር እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

የሚያስፈልግህ ሁሉ ተዘጋጅቷል። ስታይኑን አውሮፕላን ጣቢያው ድረስ ትመጣለች፣ ቢጫ የዝናብ ካፖርት ታደርጋለች። ጀርመንኛ አትችልም፣ አንተም አትሰማም፣ ስለዚህ ትግባባላችሁ። የእኛን ኮምጣጣ ጥቁር ዳቦ አምጣልኝ።

አንድ ነገር ልበል። በሩ ድረስ ሄደህ ቢያቅትህና ብትመለስ አልቆጣህም። አለቅሳለሁ እንጂ አልቆጣም።

ሃይድሩንህ

* * *

ፉልዳ፣ ሜይ 11 ቀን 1997

ይድረስ ለልጄ ለሃይድሩን፣ ለቶርኬልና ስም ላገኘችው ለትንሿ፣

ጸጉሯ ርሶ የምታለቅስበት የጥምቀቱ ፎቶ ደርሷል። ያ አገራችሁ ጉደኛ ነው፤ ያን ያህል ጊዜ አብሬአት ተቀምጬ፣ ታቅፌአት፣ ስሟን እስከ ጥምቀቷ ደብቃችሁ ላካችሁኝ። ሮስቪታ። ከደብዳቤሽ ላይ የእናትሽን ስም ሳነብ ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። ወይዘሮ ፎክት ክፉ ወሬ የመጣ መስሏት ሮጣ ወጣች፤ ፎቶውን ሰጠኋት፣ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ሁለታችንም የአልኮል ጠርሙሱን ከፈትን፣ ገና ከቀትር በፊት ነበር።

"በረራው እውነት እንደነገርከኝ ምንም አልነበረም ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያ ሳለሁ ተኝተሽ ስላየሁሽ ዋሸሁሽ። አሁን ሁላችሁም ቆማችኋል፣ ልጅቱ በጊዜዋ ደህና ሆና መጥታለች፣ እንግዲህ እውነቱን መስማት ትችያለሽ።

ፍራንክፈርት የአውሮፕላኑ በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ጣቶቼ የበሩን ጠርዝ ያዙ፣ ከኋላዬ ሰልፉ ታገደ። አስተናጋጇ የምትለኝን አልሰማሁም፣ የሰማሁት "አለቅሳለሁ እንጂ አልቆጣም" ያልሽውን ነው። ብትቆጪ ኖሮ እመለስ ነበር። ገባሁ።

አጠገቤ አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጣለች፣ የአገራችሁ ዓሣ ነጋዴ፣ ጀርመንኛ እንደ እኛው ትናገራለች። ከተነሣን ጀምሮ እረግጣለሁ፣ ለቅቄ እረግጣለሁ። አየችኝና ጮክ ብላ "እግርዎን ያምዎታል?" አለችኝ።

"የለም፣ ሥራ ላይ ነኝ" አልኳት።

ነገርኳት። አልሳቀችም። አገሩ ላይ ስንደርስ ያ ያልሽው ነፋስ ያዘን፤ አውሮፕላኑ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ደመና እንጂ ሌላ አይታይም። ዘወር ብዬ ባይ ሴትዮዋም ትረግጣለች! ሁለታችን እየረገጥን አወረድነው። መሬት ሲነካ ሰዉ ሁሉ ኮፍያውን ፈለገ፣ እንዳልሽው ነው። እኔ ግን አጨበጨብኩ። ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፣ ለእነዚያ ከፊት ሆነው ቃል ለሚመላለሱት ለሁለቱ። ዞረው አዩኝ፣ ይዩኝ! በሰላም መድረስን እንደ ተአምር የሚቆጥሩበትን ነገር እንዴት ልመነው ያልኩሽን ቃሌን መልሻለሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ኤርለንሮዳ ነኝ። አቶ የሽኬ በሩ ሲዘጋ ፊታቸው የሚገረጣ መንገደኞች አጠገብ እንድቀመጥ ጠይቀውኛል። ወይዘሮ ፎክት ኬኩን ትጋግራለች።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ፣ ይህን ማንም አያውቅም። ልሄድ ስል በዋዜማው፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንቺ በጎንሽ ተኝተሽ ነበር፤ ስንት ወር በጀርባሽ ቆይተሽ በጎንሽ። ቶርኬል ሣህን ያጥባል። ልጅቱን ጭኔ ላይ አጋድሜ እግሯን በመዳፌ ያዝኩት። ረገጠችኝ። ለቀቀች። መልሳ ረገጠችኝ። እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን። በኋላ ወደ ታች ሳይ የእኔ እግር ወለሉ ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ መቼ እንዳቆመ አላውቅም።

በማግሥቱ ስመለስ አውሮፕላኑ ሲነሣ አስታውሳለሁ፣ ቀበቶዬን እንዳሰርኩም አስታውሳለሁ። ከዚያ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ በክርኑ ጎኔን ነካኝ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ዞረ፣ እጆቹ ግን አላቆሙም። ሁሉም እያጨበጨበ ነው። ፍራንክፈርት ደርሰናል፣ እኔ ተኝቼ ነበር።

አባትሽ ኦትማር